ዋጋ በውስጥ መስመር

ፎንቆ ገበያ ላይ የዋጋ ስሕተት ብሎ ነገር አይታወቅም። ስንዴ ጭኖ የመጣው ገበሬም ሆነ ቅቤ ይዛ የተቀመጠችው ሴት በዕቃቸው ላይ ቁጥር አይለጥፉም። ገዢ ይጠይቃል፤ ሻጭ ከሚጠብቀው አስበልጦ ይጠራል፤ ገዢ ሊከፍል ካሰበው አሳንሶ ይመልሳል። «ቀንሺ» «አያዋጣኝም» ይባባላሉ፤ ገዢው ጥቂት ራቅ ብሎ ይሄድና ተጠርቶ ይመለሳል፤ «የመጨረሻ ስንት?» ይላል፤ በመጨረሻ አንድ ቦታ ላይ ይገናኛሉ። መጀመሪያ የተጠራው ቁጥር የክርክሩ መክፈቻ ስለሆነ ማንም እንደ ቃል ኪዳን አይቆጥረውም። ሻጯ ተሳስታ ግማሹን ብትጠራ እንኳ «ኧረ ተሳሳትኩ» ብላ ታርማለች፤ ገዢው ያኮርፍ ይሆናል እንጂ ወረዳ ፍርድ ቤት አይሄድም።

በዚያችው በሀዲያ የምትገኝ የአንሌሞ ወረዳ ከተማ፣ ከገበያው ጥቂት ራቅ ብሎ የተቀመጠ ወጣት ደግሞ በስልኩ ጫማ ይመርጣል። ሻጩ አዲስ አበባ ነው፤ ሱቁ የቴሌግራም ቻናል ነው፤ ክፍያው በቴሌብር ወይም በባንክ ይፈጸማል፤ ዕቃው በሆሳዕና መኪና ይላካል። ፎቶው ጥርት ያለ ነው፤ ቁጥሩ፣ ቀለሙ፣ የተሠራበት አገር ሳይቀር ተዘርዝሯል። ዋጋው ግን የለም። በቦታው «ዋጋ በውስጥ መስመር» ወይም «ለዋጋ ይደውሉ» ይላል።

የመስመር ላይ መደብር ዋጋ ተሳስቶ ሲለጥፍ ደንበኛው ምን መብት አለው? ይህ ጥያቄ በሌላው ዓለም ከ20 ዓመት በላይ ነጋዴንና ሸማችን፣ አንዳንዴም ዳኞችን ሲያነታርክ ቆይቷል። እኛ ጋ ገና በቅጡ አልተነሣም። ሕግ ስለሌለን አይደለም፤ ዋናው ሕጋችን እንዲያውም ከ60 ዓመት በላይ ሆኖታል። የጎደለን ነጋዴው በገዛ ፈቃዱ የሚጽፈው፣ ጽፎም የሚታሰርበት ዋጋ ነው። የተጻፈ ዋጋ ወደ እኛ የመጣው በነጋዴው በር ሳይሆን በመንግሥት በር ነበርና።

ቁርጥ ዋጋ በአውሮፓም ቢሆን ጥንታዊ ልማድ አይደለም። በ17ኛው መቶ ዘመን እንግሊዝ ውስጥ ክዌከር የሚባሉት ክርስቲያኖች ለአንድ ዕቃ ሁለት ዋጋ መጥራትን እንደ ውሸት ቆጠሩት። የመጨረሻውን ዋጋ መጀመሪያ መናገር የሃይማኖት ግዴታቸው ሆነ። ውሎ አድሮ ሕፃን ተልኮ እንኳ ሳይታለል የሚገዛበት ሱቅ ተፈላጊ ሆነ። በ19ኛው መቶ ዘመን ሃይማኖቱ ወደ ስሌት ተለወጠ። እ.ኤ.አ. በ1852 አሪስቲድ ቡሲኮ የፓሪሱ ቦን ማርሼ ባለድርሻ ከሆነ በኋላ፣ ጆን ዋናሜከርም በፊላደልፊያ፣ በየዕቃው ላይ ዋጋ መለጠፍን የትልልቅ መደብሮች መለያ አደረጉት። መቶ ሻጭ የቀጠረ ባለሀብት መቶውም በየግሉ እንዲከራከርለት አይፈልግም። ቁጥሩን ራሱ ጻፈ፤ የመደብሩ ስምም ከቁጥሩ ጋር ተያያዘ።

በኢትዮጵያ የዋጋ ሕጋዊ ትርጉም የተጻፈው በ1952 ዓ.ም. ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉን ያረቀቁት ፈረንሳዊው ፕሮፌሰር ሬኔ ዳቪድ ናቸው፤ ሕጉ በዚያ ዓመት በሚያዝያ ወር በነጋሪት ጋዜጣ ታወጀ። ውሎችን የሚመለከተው ክፍል አንቀጽ 1687 ላይ ለነገራችን ቁልፍ የሆነ ድንጋጌ አስቀምጧል። የዋጋ ዝርዝር ወይም ካታሎግ ለሌላ ሰው የላከ፣ በአደባባይ የለጠፈ፣ ወይም ዕቃ ለሽያጭ ደርድሮ ያሳየ ሰው ለውል ሐሳብ አቅርቧል አይባልም። በቀላል አነጋገር፣ መስኮቱ ላይ የተለጠፈው ቁጥር ጥሪ ነው። ገዢው «በዚህ ዋጋ ስጠኝ» ሲል ሐሳብ የሚያቀርበው እሱ ነው፤ ሻጩ እሺ ሲል ውሉ ይጸናል፤ እምቢ ማለትም ይችላል።

እዚህ ላይ አንድ የሚገርም ነገር አለ። ዳቪድ ለውል ሕጉ ብዙ ነገር ከስዊዘርላንድ የግዴታዎች ሕግ ወስደዋል። የስዊሱ ሕግ አንቀጽ 7 ግን ነገሩን ለሁለት ይከፍለዋል፦ የዋጋ ዝርዝር መላክ የውል ሐሳብ አይደለም፤ ዋጋ የተለጠፈበትን ዕቃ ደርድሮ ማሳየት ግን በመርሕ ደረጃ የውል ሐሳብ ነው። የእኛ ሕግ የመጀመሪያውን ወሰደና ሁለተኛውን ገለበጠው። ውጤቱ ከዙሪክ ይልቅ ለለንደን ቀረበ። የእንግሊዝ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1953 በቡትስ መድኃኒት ቤት ጉዳይ መደርደሪያ ላይ ያለ ዕቃ ደንበኛው ወደ ገንዘብ ተቀባዩ እስኪያቀርበው ድረስ ግብዣ ብቻ ነው ብሎ ነበር። እንደ እኔ አስተያየት ለ1950ዎቹ ኢትዮጵያ ይሄኛው የተሻለ ልክ ነበር። ሁሉ ነገር በክርክር በሚሸጥበት አገር የተደረደረ ዕቃን እንደ ጸና ቃል መቁጠር የገበያውን ጠባይ አለማወቅ በሆነ ነበር። ሕጉ ሳያስበው ይሁን አስቦበት፣ የፎንቆዋን ቅቤ ሻጭ ከተሳሳተ አፏ ጠብቋታል።

ከዚያ ደርግ መጣ፤ ዋጋም ተጻፈ። የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት በ1968 ዓ.ም. ተቋቁሞ እህል በመንግሥት ተመን መግዛት ጀመረ። ገበሬው ኮታ ተጣለበት፤ ስንዴና ጤፍ አብቃዩ አካባቢ ሁሉ፣ ያኔ በሸዋ ክፍለ ሀገር ሥር የነበረውን የከምባታና ሀዲያ አውራጃን ጨምሮ፣ ከገበያው በታች በሆነ ዋጋ እንዲያስረክብ ተገደደ። እህል ከአካባቢ ወደ አካባቢ እንዳይዘዋወር በየመንገዱ ኬላ ቆመ። በከተማ የቀበሌ ሱቆች ግድግዳ ላይ የስኳርና የሳሙና ዋጋ በግልጽ ተለጥፎ ይታይ ነበር፤ ዕቃው ግን በራሽን፣ ያውም ሲገኝ ነው። ያ ትውልድ ስለ ተጻፈ ዋጋ የተማረው ሁለት ነገር ነው፦ የሚጽፈው መንግሥት እንደሆነና በዚያ ዋጋ ዕቃ እንደማይገኝ። ኮታው የተነሣው በ1982 ዓ.ም. ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲታወጅ ነው። ትዝታው ግን እንዲህ በአዋጅ አይነሣም።

በ2003 ዓ.ም. ላይም ተመሳሳይ ነገር ታየ። መንግሥት የዋጋ ንረቱን ለማርገብ በዳቦ፣ በሥጋ፣ በሩዝ፣ በስኳር፣ በዘይት፣ በቢራና በሌሎችም ሸቀጦች ላይ የዋጋ ጣሪያ አወጣ። ዝርዝሩ በጋዜጣ ታተመ፤ በየሱቁ ተለጠፈ፤ ብዙም ሳይቆይ ዕቃው ከመደርደሪያ ጠፋ። ከወራት በኋላ አብዛኛው ጣሪያ ተነሣ። በዚያ ዘመን ሱቅ ግድግዳ ላይ የሚታየው ወረቀት ከነጋዴው ለደንበኛው የተላከ መልእክት አልነበረም፤ ለተቆጣጣሪ የሚታይ ማስረጃ ነበር።

የሸማች ጥበቃ ሕጉ የበቀለው በዚህ መሬት ላይ ነው። የንግድ አሠራር አዋጅ ቁጥር 329 በ1995 ዓ.ም. ወጣ፤ በ2002 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 685 ተተካና የሸማች መብት ራሱን የቻለ ክፍል አገኘ፤ በ2006 ዓ.ም. ደግሞ የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 መጣ። ይህ አዋጅ ነጋዴው የዕቃውንና የአገልግሎቱን ዋጋ በግልጽ በሚታይ ቦታ እንዲለጥፍ ወይም በዕቃው ላይ እንዲጽፍ ያዛል፤ የተጻፈው ዋጋ ግብርን ያካተተ መሆን አለበት። ሸማቹ ስለሚገዛው ነገር በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት አለው፤ ዋጋ ስለ ጠየቀ ወይም ስለ ተከራከረ ብቻ እንዲገዛ አይገደድም፤ በትሕትና የመስተናገድ መብትም አለው። (ይህችን የመጨረሻዋን ያነበበ ባለሱቅ ስንት ይሆን?) በተለጠፈው ዋጋ ላይ ጨምሮ መሸጥም የተከለከለ ነው።

እዚህ ላይ ሁለቱ ሕጎች ፊት ለፊት ይቆማሉ። የ1952ቱ «የተለጠፈ ዋጋ ገና ቃል አይደለም» ይላል፤ የ2006ቱ «ከለጠፍከው በላይ አትጠይቅ» ይላል። አብረው ሊኖሩ አይችሉም ማለት አይደለም፤ አንዱ ስለ ውል አመሠራረት፣ ሌላው ስለ ነጋዴ ሥነ ምግባር ይናገራሉ። ነገር ግን 20,000 ብር የሚያወጣ ስልክ ላይ 2,000 ተጽፎ ያገኘ ሰው ሁለቱንም ይዞ ቢመጣ ዳኛው የትኛውን ያስቀድም? አዋጁ ሲጻፍ በዓይነ ኅሊናው የነበረው ሆን ብሎ የሚያታልል ነጋዴ ነው፤ ጣቱ የሳተው አይደለም። አዋጁን እንዲያስፈጽም የተቋቋመው ባለሥልጣን ራሱም በ2014 ዓ.ም. ፈርሶ ሥራው ወደ ንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር ተዛውሯል፤ እንደ ፎንቆ ባለ ከተማ ደግሞ ሸማቹ የሚያውቀው በር የወረዳው ንግድ ጽሕፈት ቤት ነው።

የዋጋ ንረቱ ነገሩን ይበልጥ አወሳሰበው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ። በዚያ ሰሞን ዋጋ ጨመሩ የተባሉ ሱቆች በየከተማው ታሸጉ። እንዲህ ባለ ጊዜ መደርደሪያ ላይ ያለው «የተሳሳተ ዋጋ» በአብዛኛው የዜሮ መጉደል አይደለም፤ የትናንት ዋጋ ነው። ሻጩ ትናንት በጻፈው ቢሸጥ መልሶ ዕቃ መግዛት አይችልም፤ ጨምሮ ቢሸጥ አዋጅ ይጥሳል። ብዙዎች ያገኙት መውጫ ቀላል ነው፦ ወረቀቱን መንቀል። ቴሌግራም ላይ ያለው ነጋዴ የሚነቅለው ነገር እንኳ የለውም፤ መጀመሪያውኑ አልለጠፈም።

ዋጋ በሚለጠፍበት ዓለም ምን ሆነ? እ.ኤ.አ. በ1999 የእንግሊዙ አርጎስ 299 ፓውንድ የሚያወጣ ቴሌቪዥን ድረ ገጹ ላይ በ2.99 አወጣ፤ ትዕዛዝ ጎረፈ፤ ኩባንያው አልሸጥም አለ። በ2002 ደግሞ ኮዳክ 329 ፓውንድ የሚሸጠውን የካሜራ ጥቅል በ100 ለጠፈ፤ እሱም መጀመሪያ እምቢ አለ። የኮዳክ ደንበኞች ግን በእጃቸው አንድ ነገር ነበራቸው፦ ትዕዛዛቸው መጽደቁን የሚገልጽ ኢሜይል። ዋጋውም ቢሆን ቅናሽ ነው ተብሎ ሊታመን የሚችል ነበር። ከብዙ ግፊት በኋላ ኮዳክ በ100 ፓውንድ ሸጠላቸው። ሁለቱን ጉዳዮች የሚለያቸው መስመር፣ ማረጋገጫ ተልኳል ወይስ አልተላከም የሚለውና ዋጋው ማንም ሊያምነው የሚችል ነው ወይስ አይደለም የሚለው፣ ዛሬም ድረስ የክርክሩ ማዕከል ነው።

ነገሩ እስከ መጨረሻው የተፈተሸው ሲንጋፖር ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. ጥር 8 ቀን 2003 የዲጂላንድሞል ሠራተኛ በሥልጠና ላይ እያለ ለመለማመጃ የታሰበ ቁጥር ሳያስበው ወደ እውነተኛው ድረ ገጽ ጫነ። 3,854 የሲንጋፖር ዶላር የሚያወጣ የኤችፒ ባለቀለም ሌዘር ማተሚያ 66 ዶላር ሆኖ ወጣ። ለቀናት ማንም አላየውም። ጥር 13 ከእኩለ ሌሊት በኋላ ግን ወዳጅ ለወዳጅ መልእክት መላላክ ተጀመረ፤ ስሕተቱ እስኪደረስበት 784 ሰዎች 4,086 ማተሚያ አዘዙ። ለእያንዳንዱ ትዕዛዝ ኮምፒዩተሩ «ግዢዎ ተሳክቷል» የሚል ኢሜይል በራሱ ጊዜ መለሰ። ኩባንያው ትዕዛዞቹን ሲሰርዝ ስድስት ወዳጆች ከሰሱ። ስድስቱ ብቻቸውን 1,606 ማተሚያ አዝዘው ነበር።

ዳኛው ኢሜይሉን አልናቁትም፤ ማሽን የላከው ማረጋገጫም ሻጩን ሊያስር እንደሚችል ተቀበሉ። ከሳሾቹን የጣላቸው የራሳቸው የሌሊት ወሬ ነው። ከመሃላቸው የማተሚያውን ትክክለኛ ዋጋ ኢንተርኔት ላይ ፈልጎ ያረጋገጠ ነበር፤ መልእክቶቻቸውም ነገሩ ስሕተት ሊሆን እንደሚችል መጠርጠራቸውን ያሳዩ ነበር። የሌላውን ስሕተት እያወቁ መንጠቅ ውል አይሆንም ተባሉ። እ.ኤ.አ. በ2005 ይግባኝ ሰሚውም አጸናው። እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማሰብ ያስፈልጋል። ለቤቱ አንድ ማተሚያ ያዘዘ፣ ዋጋውን የማያውቅ ሰው ቢሆንስ ኖሮ? የፍርዱ አመክንዮ ለእሱ በሩን አልዘጋበትም። መለኪያው የገዢው ዕውቀት ነው፤ ብዛቱ የዕውቀቱ ምልክት ነው።

ይህ አስተሳሰብ ከኮምፒዩተር በጣም ይቀድማል። እ.ኤ.አ. በ1939 በለንደን ፍርድ ቤት የታየ አንድ ክርክር 30,000 የአርጀንቲና ጥንቸል ቆዳን ይመለከታል። ድርድሩ ሁሉ የተካሄደው በቁራጭ ነበር፤ ሻጩ የመጨረሻውን ደብዳቤ ሲጽፍ ተሳስቶ ያንኑ ዋጋ በፓውንድ ክብደት አለው። አንድ ፓውንድ ሦስት ቆዳ ገደማ ስለሚይዝ ዋጋው ወደ ሲሶ ወረደ። ገዢው «እሺ» ብሎ ሊያስገድደው ሞከረ፤ ተረታ። የንግዱን ልማድ የሚያውቅ ሰው ስሕተቱን ማየት ነበረበት። የኪሎ ዋጋ በኩንታል ቦታ ተጽፎ ያየ የሆሳዕና እህል ነጋዴም «አላስተዋልኩም» ቢል የሚያምነው አያገኝም።

ማሽኑ ሲሳሳት የሚጎዳው ሁልጊዜ ግዙፍ ኩባንያ ነው ብሎ ማሰብም ልክ አይደለም። እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 12 ቀን 2014 ምሽት ሪፕራይሰር ኤክስፕረስ የተባለ፣ አማዞን ላይ የሚሸጡ ትንንሽ ነጋዴዎች ዋጋቸውን ከተፎካካሪ ጋር እንዲያስተካክልላቸው የሚከራዩት ሶፍትዌር፣ ለአንድ ሰዓት ያህል ተበላሽቶ በሺህ የሚቆጠሩ ዕቃዎችን በ1 ሳንቲም አወጣ። አማዞን አብዛኛውን ትዕዛዝ ሰረዘ። ከመጋዘን የወጣው ግን ሄደ፤ ለገና ገበያ ዕቃ ያከማቹ የቤተሰብ ሱቆች ጥሪታቸው በአንድ ምሽት ተራቆተ።

አሁን ወደ 1952ቱ ሕጋችን እንመለስ፤ ከአንቀጽ 1697 ጀምሮ ስለ ስሕተት የሚለው ለዚህ ሁሉ የተዘጋጀ ይመስላል። ውል ከተደረገ በኋላ ተሳስቼ ነበር የሚል ወገን ውሉ እንዲፈርስለት ከፈለገ፣ ስሕተቱ ባይኖር ኖሮ ውሉን እንደማያደርገው ማስረዳት አለበት፤ ስሕተቱም የውሉን መሠረታዊ ነገር የሚነካ መሆን አለበት። የሂሳብ ስሌት ስሕተት ብቻ ከሆነ ይታረማል እንጂ ውል አያፈርስም። ስሕተትን ከቅን ልቡና ውጭ መሣሪያ ማድረግ አይቻልም። ለደንበኛው ደግሞ ትልቁ ነገር ቀጥሎ ይመጣል፦ በራሱ ስሕተት ውል ያፈረሰ ሰው፣ ሌላው ወገን ስሕተቱን ካላወቀና ማወቅም ካልነበረበት፣ በመፍረሱ ያደረሰበትን ጉዳት ይክሳል። የፎንቆው ገዢ በቅን ልቡና ከፍሎ፣ የመኪና ማስጫኛ ሰጥቶ፣ ሌላ ሻጭ ትቶ ከሆነ፣ «ተሳስቼ ነው» የሚለው የአዲስ አበባ ነጋዴ ዋናውን ገንዘብ መልሶ ብቻ አይገላገልም ማለት ነው። ለማስፈረስም ጊዜው ሁለት ዓመት ነው። ይህን መብት ያነሣ የቴሌግራም ገዢ ሰምቼ አላውቅም።

የማሽን ስሕተትንና ሕዝብን ፊት ለፊት ያገናኘው የእኛው ትልቅ ሌሊት በባንክ እንጂ በመደብር አልሆነም። መጋቢት 6 ቀን 2016 ዓ.ም. ዓርብ ሌሊት የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም በማሻሻያ ሥራ ምክንያት ተዛባ፤ ሰዎች በሒሳባቸው ከሌለ ገንዘብ ማውጣትና ማስተላለፍ ቻሉ። ወሬው በስልክ ተዳረሰ፤ በየዩኒቨርሲቲው ግቢ ያሉ የገንዘብ መክፈያ ማሽኖች ፊት ሌሊቱን ሰልፍ ሆነ። ባንኩ ነግቶ ሲስተሙን ዘጋ። የባንኩ ፕሬዝዳንት አቤ ሳኖ በኋላ እንደገለጹት ያላግባብ የተንቀሳቀሰው ገንዘብ 801 ሚሊዮን ብር ገደማ ነበር፤ በአሥር ቀን ገደማ ውስጥ 622 ሚሊዮኑ ተመለሰ። ከ15 ሺህ በላይ ከሆኑት ሰዎች አብዛኞቹ በሙሉም ሆነ በከፊል ሲመልሱ፣ ምንም ያልመለሱት 567 ነበሩ። ባንኩ ባልመለሱት ላይ ስምና ፎቶ እስከ መለጠፍ ሄደ።

በሕግ ዓይን ይህ የዋጋ ስሕተት አይደለም፤ የማይገባ ክፍያ ነው። አንቀጽ 2164 መክፈል የማይገባውን የከፈለ ሰው እንዲመለስለት ይፈቅዳል። ያም ሆኖ የብዙ ወጣቶች መከራከሪያ ከሲንጋፖሮቹ ጋር አንድ ነበር፦ «ማሽኑ ሰጠን።» መልሱም አንድ ነው፤ ለራሱ ገንዘብ በእኩለ ሌሊት የሚሰለፍ ሰው የለም። ለወጣቶቹ የሚቆረቆር ሰው ግን ቀጥሎ የሚጠይቀው ጥያቄ አለው፤ እኔም እጠይቃለሁ። ባንክ ለራሱ ገንዘብ በአሥር ቀን ይህን ያህል ከሠራ፣ አንዲት እናት አንድ አኃዝ ተሳስታ ለማታውቀው ሰው የላከችው 3,000 ብር ለምን ወራት ይፈጃል? የሕጉ አንቀጽ ለሁለቱም ያው ነው። ጃፓን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2005 የሚዙሆ ደላላ አንድ አክሲዮን በ610,000 የን ማለት ሲገባው 610,000 አክሲዮን በ1 የን ብሎ 40 ቢሊዮን የን ገደማ ሲከስር፣ ከስሕተቱ ያተረፉ ትልልቅ ድርጅቶች ትርፋቸውን ለመመለስ ተስማምተዋል። እዚያ ባለሥልጣናቱ የገሠጹት ተቋማቱን ነው።

ለሀዲያና ለከምባታ ሰው የቅርቡ ትምህርት ግን ከሲንጋፖርም ከጃፓንም አይመጣም። ከሆሳዕና፣ ከፎንቆ፣ ከሾኔ፣ ከዱራሜ፣ ከሺንሺቾ የወጡ ብዙ ሺህ ወጣቶች ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ሱቅ ከፍተው ይኖራሉ። መጀመሪያ ብርድ ልብስና ልብስ በትከሻ እያዞሩ በዱቤ ይሸጡ የነበሩት ዛሬ ባለመደርደሪያ ናቸው። እዚያ የሚገዛቸው የሸማቾች ጥበቃ ሕግ እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው ቁጥር 68 ነው፤ አንቀጽ 23 ስለ ዋጋ ነው። ነጋዴው ካሳየው ዋጋ በላይ አይጠይቅም። ለአንድ ዕቃ በአንድ ጊዜ ሁለት ዋጋ ከታየ ገዢው ዝቅተኛውን ይከፍላል። ከዚያ የእኛ አዋጅ ያላስቀመጠው ይመጣል፦ የታየው ዋጋ ሳይታሰብ የተፈጸመና ግልጽ የሆነ ስሕተት ካለበት፣ ነጋዴው ስሕተቱን ካረመና ዋጋውን ላዩ ደንበኞች ለማሳወቅ ተገቢውን ጥረት ካደረገ በኋላ አይገደድበትም። እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣው የኤሌክትሮኒክ ግብይት ሕጋቸው ደግሞ ከሌላው ጫፍ ይጀምራል። የመስመር ላይ ሻጭ ገዢው ትዕዛዙን ከመላኩ በፊት እንዲያየው፣ እንዲያርመውና እንዲተወው ዕድል መስጠት አለበት፤ ካልሰጠ ገዢው በ14 ቀን ውስጥ ሊሰርዘው ይችላል። ጣቱ የሚስት ነጋዴ ብቻ አይደለምና።

እነዚህ ሱቅ ጠባቂዎች በበዓል ወደ አገር ሲመለሱ ገንዘብና ዕቃ ብቻ ሳይሆን የለጠፉትን ዋጋ የማክበር ልማድም ይዘው ይመጣሉ። አንዳንዶቹ ሆሳዕና ላይ በከፈቱት ሱቅ ዋጋ ይጽፋሉ። ሆሳዕና ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል መቀመጫ ሆናለች፤ ሕንፃዎቿ እየረዘሙ፣ ሱፐርማርኬቶቿ እየበዙ ነው። ዋጋ መጻፍ በመንግሥት ትእዛዝ ሳይሆን በነጋዴው ጥቅም የሚጀመር ከሆነ እዚህ መጀመሩ አይደንቀኝም።

ኢትዮጵያም በ2012 ዓ.ም. የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205 አውጥታለች። በኤሌክትሮኒክ መልእክት የተደረገ ስምምነት በወረቀት ስላልሆነ ብቻ ዋጋ ቢስ አይባልም። ስለዚህ «አዎ፣ 2,000 ነው፤ ላኪና እልክልሻለሁ» የሚለው የሻጩ መልእክት በአንቀጽ 1687 ከተባለው ግድግዳ ላይ ከተለጠፈ ዝርዝር በጣም ይለያል። ለአንድ ሰው የተነገረ፣ ቁርጥ ያለ ሐሳብ ነው፤ ገንዘቡ ሲላክ ውሉ ይጸናል። አስቂኙ ነገር ይህ ነው፦ ዋጋውን በውስጥ መስመር የደበቀውን ነጋዴ፣ አደባባይ ላይ ከለጠፈው ይልቅ ሕጉ አጥብቆ ያስረዋል። በግል የሰጠው ቁጥር ጥሪ አይባልም።

ከእነዚህ ሻጮች ጋር ያወራ ሰው ምክንያታቸውን በቀላሉ ይሰማል። ዋጋ በየሳምንቱ ስለሚለዋወጥ፤ ተፎካካሪ አይቶ እንዳይቀንስ፤ ደንበኛው ከደወለ የመግዛት ዕድሉ ስለሚጨምር፤ ለአዲስ አበባው ደንበኛና ለክፍለ ሀገሩ ደንበኛ የተለያየ ዋጋ መጥራት ስለሚቻል። ጮክ ብሎ የማይነገረው ደግሞ ግብር ነው፤ የተለጠፈ ዋጋ ለገቢዎች ሠራተኛም ይነበባል። የመጀመሪያው ምክንያት ይገባኛል። አራተኛውን ግን የፎንቆው ወጣት ሊያውቀው ይገባል፦ ሆሳዕና ድረስ እንደሚላክ ሲናገር ዋጋው የሚጨምረው በመኪና ማስጫኛው ብቻ ላይሆን ይችላል። አዋጅ 813 ዋጋ በግልጽ ይታይ ሲል ሱቁ ባለበር ይሁን ባለቻናል ብሎ አልለየም፤ ቻናሎቹን የሚያይ ተቆጣጣሪ ግን የለም። ነገ አዋጁ ሲሻሻል እዚያ ላይ ዋጋ የመጻፍ ግዴታ በግልጽ ይግባ፤ ነጋዴው እንዳይፈራም የደቡብ አፍሪካው የግልጽ ስሕተት መውጫ አብሮት ይግባ። አንዱ ያለ ሌላው አይሠራም። ማምለጫ የሌለው ግዴታ ከቀበሌ ሱቅ ዘመን ጀምሮ እንዳየነው ወረቀቱን ያስነቅላል።

እስከዚያው ለገዢው የሚቀረው ማስረጃ ነው። የሲንጋፖሩ ክርክር ሊታይ የቻለው ኢሜይሉም የሌሊቱ ወሬም ተቀምጦ ስለ ተገኘ ነው። ቴሌግራም ላይ ሻጩ የጻፈውን መልእክት ከራሱ ስልክ ብቻ ሳይሆን ከገዢውም ስልክ ላይ ማጥፋት ይችላል፤ ገንዘቡ ከተላከ በኋላ «2,000 አላልኩም» ቢል የሚታይ ነገር አይኖርም። ስለዚህ ዋጋው፣ የሻጩ ስምና ቀኑ በአንድ ላይ የሚታዩበት የስክሪን ፎቶ መነሣት ያለበት ገንዘቡ ከመላኩ በፊት ነው፤ የቴሌብሩ ወይም የባንኩ የክፍያ ቁጥር ደግሞ ከዚያው ጋር ይቀመጥ።